ኮቱ ላይ የቀረው አረንጓዴ

ከማለዲን የጎባ ቀለም ቀቢ ነው። ኖራ ይበጠብጣል፣ የቀለም ዱቄት ይጨምራል፣ ጨውም አይረሳም፤ ጨው የሌለው ኖራ የተደገፈውን ሰው ልብስ ይከተላልና። ወሬ አይወድም። በዚያ በደርግ ዘመን ወሬ የማይወድ ሰው ሥራ አያጣም ነበርና፣ እስር ቤቱንም ያስቀቡት እሱን ነው።

በ1971 ዓ.ም. ወይዘሮ እታለማሁ አስጠሩት። ልጃቸው ኃይለመስቀል ታስሮ ከርሟል። አንድ ቀን ስንቅ ይዘው ቢሄዱ ዘበኞቹ ኮቱን አስታቀፏቸውና «ተዛውሯል» አሏቸው። ወዴት ቢሉ በሩን ዘጉባቸው።

«የልጄን ክፍል ፈዛዛ አረንጓዴ ላስቀባ ነው» አሉት። «እዚያ እስር ቤት ፊት ለፊቱንና ጓሮውን የቀባህበት ይለያያል አሉ። ሁለቱንም አሳየኝና ልምረጥ።»

ከማለዲን ደስ አላለውም። የጓሮዋን ክፍል ሲቀባ ከሮቤ ገበያ የገዛው አረንጓዴ አልቆበት ሰማያዊ ጨምሮበታል፤ እያጣደፉት ጨውም አላደረገበትም። ከዚያ ወዲህም ደጋግመው ጠርተውታል፣ ያውም ለአንድ ግድግዳ ብቻ። በሄደ ቁጥር ግድግዳው ታጥቦ፣ እርጥብ ሆኖ ይጠብቀዋል። ክፍሏ ውስጥ ምንጣፍ የለ፣ ሳህን የለ፤ ሰው እንደማያድርባት ታስታውቃለች። ሆድ ይፍጀው ብሎ ቀብቶ ይወጣ ነበር።

ሁለቱን ቀለም በልጃቸው ክፍል ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ቀባ። ኖራ እርጥብ ሳለ ሁሉም አንድ ነው፤ እስኪደርቅ ተቀምጠው ጠበቁ። አንደኛው እንደ ጎመን ቡቃያ ፈካ፤ ሁለተኛው፣ የጓሮው፣ ግን እየደረቀ ሲሄድ የታመመ ሰው ፊት መሰለ።

እታለማሁ ሳያጥቡ ያስቀመጡትን ኮት ከሣጥን አወጡ። ትከሻው ላይ አረንጓዴ ነገር ተለጥፎበታል። ወደ መጀመሪያው አስጠጉት፣ አልመሰለም። ወደ ሁለተኛው ሲያስጠጉት ከግድግዳው ለመለየት አስቸገረ።

«ይኸኛው ነው» አሉ። «ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ምንድን ነው የሚደረገው?»

«ያ ረቢ!» አለ በሆዱ። መዋሸት አቃተው፤ መናገርም ፈራ። «እማማ፣ ዛሬ ይቆየን። ነገ ጎህ ሲቀድ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው ደንግጦ የቆመው። በእሳቸው ሰፈር ጎህ ሲቀድ በር የሚያንኳኳ መርዶ ነጋሪ ነው።

እታለማሁ አልጮኹም፤ ያኔ ለእንዲህ ያለው ልጅ ማልቀስም ያሳስራል። ነጠላቸውን ቀስ ብለው ከትከሻቸው አወረዱና አዘቅዝቀው ለበሱት።

«ነገርከኝ እኮ፣ ልጄ» አሉት።