በራሱ የቆመው ጋቢ

ልጅ እያለሁ ሰው ሳይለብሰው በራሱ የሚቆም ጋቢ ነበረን። አትሳቁ! ሴንት ፖል ውስጥ ጃንዋሪን ያሳለፈ ሰው ያምነኛል።

ከስደተኞች ካምፕ የመጣን ዓመት፣ የመጀመሪያው ዊንተራችን ነው። በጥምቀት ዋዜማ እማዬ በመስኮት ብታይ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል። እኛ አገር ፀሐይ ወጣች ማለት ሞቀ ማለት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ግን አጥንት የሚሰብረው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ሲጠራ ነው። ይህን ማን ይንገራት? ጋቢውን አጥባ ባልኮኒው ላይ አሰጣችው። ጠዋት ስታስገባው ጣውላ ሆኗል። ሳሎን መሃል እንደ እንግዳ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቁጭ በል እንዳንለው አይታጠፍም።

ችግሩ ጋቢው የስለት መሆኑ ነው። እማዬ ካምፕ ሳለን «ልጆቼን ሰላም አገር ካደረስክልኝ፣ በመጀመሪያው ጥምቀት በዚህ ጋቢ ጠቅልዬ ውሃው ፊት አቆማቸዋለሁ» ብላ ተስላለች። ያን ቀን ደግሞ ብርዱ ለጉድ ሆኖ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል።

አባዬ ቲቪውን እያሳያት «ገቨርነሩ ራሱ ከቤት አትውጡ ብሏል» አላት።

«ገቨርነሩ ተስሏል እንዴ?»

አባዬ መኪናውን ሊያስነሳ ወረደ። መኪናችን አንዴ አስነጠሰችና ጸጥ አለች። እማዬ ግን ማን ሊያቆማት? «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!» ብላ ጋቢውን በብብቷ ይዛ ደረጃውን ወረደች። እኔም ተከተልኳት፤ እጄ ላይ የአባዬ ካልሲ፣ ጫማዬ ውስጥ የዳቦ ላስቲክ፣ ከሱሪዬ ስር የእህቴ ሮዝ ታይት። ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ ከጋቢው ጋር መንታ መስለናል።

ታች ጎረቤታችን ጋሽ ጀማል ታክሲውን እያሞቀ ነበር። የሐረርጌ ሰው ነው፣ ቀልድ ካልተናገረ የሚያመው።

«አስቴር፣ በሩን ነቅለሽ ወዴት ነው?»

«ጥምቀት ነዋ!»

«በዚህ ብርድ? አንቺ፣ ብትቀሪ እኮ አላህ ይቅር ይልሻል!»

«እሱ ይቅር ቢለኝም እኔ አልቀርም!»

ጋሽ ጀማል ሳቀና የታክሲውን በር ከፈተ። «ግቡ በቃ። ጣውላውን ግን ፊት አስቀምጡልኝ፣ እሱም ተሳፋሪ ነው።»

አባዬና እህቴም ደርሰው አራታችን ኋላ ተጠጋጋን። ሂተሩ ሲነፋበት ጋቢው ሽማግሌ እንደገባበት ኩርፈኛ ቀስ እያለ ለዘብ አለ። ስንደርስ ምዕመኑ በኪራይ የሚጠቀምበት ቤተክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ጥቂት ሰው በነጭ ለብሶ በረዶው ላይ ቆሟል፤ ቄሱ የጠበሉ በርሜል ላይ የጋገረውን በረዶ በመቋሚያቸው ይሰብራሉ። እማዬ እኔንና እህቴን በኮታችን ላይ በጋቢው ጠቀለለችንና ውሃው ፊት አቆመችን። ጋቢው እርጥብ ስለነበር ወዲያው እንደገና ጣውላ ሆነብን፤ ድንኳን ውስጥ የገባን መሰለን። የሚረጨው ጠበል ጋቢው ላይ ጠጠር እንደተወረወረበት ጠጥ ጠጥ ይላል። የአባዬ ጢም በአንድ አፍታ ሸበተ። እማዬ እያለቀሰች እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ጋሽ ጀማል ከታክሲው ውስጥ ሆኖ ክላክሱን ለቀቀው። እንደዚያ ያለ እልልታ ዳግም አልሰማሁም።

ዛሬ ሜፕልዉድ ውስጥ የሚሞቅ ጋራዥ አለኝ። መኪናዬን ሶፋ ላይ ተጋድሜ በስልኬ ስታርት አደርጋታለሁ። የዛሬው ቦርጬ ራሱ ኮት ይሆነኛል፣ ከእሱ በላይ የሚለበሰው አልዘጋ እያለ አስቸገረኝ እንጂ። ዘንድሮም በጥምቀት ብርዱ ጠናና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጄ ከብርድ ልብሷ ውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ዳድ፣ ኢትስ ቱ ኮልድ! በስልክ ላይቭ እናየዋለን እኮ» አለችኝ። እውነት ለመናገር ሶፋውም በጎን ያባብለኝ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት፣ ከሮቢንስዴል። ከዘራ ከያዘች ቆይታለች። ሄሎ እንኳን የለም፤ «ለብሼ ጨርሻለሁ፣ የት ደረስክ?»

የልብስ ማድረቂያ ድራየር እያለኝ፣ ያንን የእማዬን ጋቢ በዋዜማው ማታ አጥቤ ባልኮኒ ላይ አስጥቼው ነበር። አስገብቼ ሳሎን መሃል አቆምኩት። ልጄ ተነስታ ዞረችው፣ በጣቷ አንኳኳችውና ሳቀች።

«ዳድ፣ ለምንድነው የሚቆመው?»

«ሰው እስኪገባበት እየጠበቀ ነው» አልኳት። «ጫማሽን አድርጊ።»