አምፖል ብቻ ያበራ ባትሪ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ዕለት ማታ፣ ሻንጣዬ በር ላይ ቆሞ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያየው እኔን ሳይሆን አንድ ባትሪ ነበር። እማዬ ሌሊት ሌሊት በኦክስጅን መሣሪያ ነው የምትተኛው። መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን እንዲይዝ የተገዛው መጠባበቂያ ባትሪ ተበላሽቶ፣ የክርስትና አባቴ ጋሽ መኮንን ጠገኑት። አባዬ ቆጣሪውን አጠፋ፤ ጋሽ መኮንን አንድ አምፖል ሰኩ፤ በራ። እልል ተባለ። እኔም ልቤ አርፎ ወደ ኤርፖርት ሄድኩ።

አሁን ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ የኢነርጂ ምህንድስና አንደኛ ዓመት እማራለሁ። እናንተዬ፣ የአገራችን የሐምሌ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ የዚህኛው ግን ግድግዳ ውስጥ ያድራል። ፓስታውም በርበሬ ስለሌለው የበሽተኛ ምግብ ይመስለኛል።

አከራዬ ሲኞራ ሊና አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ክልስ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ካልዳያው፣ ማለትም የውሃ ማሞቂያው፣ ተጠገነ ብለው ቧንቧውን ከፈቱልኝ።

«ሞቀ አይደል? ቫ ቤኔ፣ በቃ ደህና ነው!»

«ሲኞራ፣ ትንሽ ብንቆይስ?»

«ምን ልትጠብቂ ነው? ቧንቧው መሐላ እንዲፈጽምልሽ?»

አፍሬ ቧንቧውን ዘጋሁ። ማታ ፀጉሬ ሳሙና እንደለበሰ ውሃው በረዶ ሆነ።

በማግስቱ ፕሮፌሶሬው ያስተማሩን ስለ ኑክሌር ጣቢያ መጠባበቂያ ጄኔሬተር ነበር። ማብላያው፣ ማለትም ሪአክተሩ፣ ቢቆም እንኳ ውስጡ እንደጋለ ስለሚቆይ፣ የማቀዝቀዣ ፓምፖቹ ኤሌክትሪክ ሊቋረጥባቸው አይገባም። ስለዚህ ጄኔሬተሩ በተጠገነ ቁጥር፣ ዋናው መስመር ደህና ሳለ፣ አስነሥተው እውነተኛውን ጭነት፣ ፓምፖቹን ራሳቸውን፣ ይጭኑበታል። ይዞ ከቆየ ብቻ ዝግጁ ነው ይባላል። «ተነሣ ብላችሁ አትመኑት» አሉን። እኔ መጻፌን አቆምኩ። የእኛ ባትሪ የያዘው አንድ አምፖል ብቻ ነው!

ከክፍል እንደወጣሁ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ባትሪው የእማዬን መሣሪያ ይዞ ያውቃል?»

«እስካሁን መብራት የሚጠፋው ቀን ቀን ነው። ምን አስታወሰሽ?»

«እማዬ ሳትተኛበት፣ አሁኑኑ መሣሪያውን ሰክተህ ቆጣሪውን አጥፋው።»

«መኮንን ቢሰማስ? ሮም ገብታ የክርስትና አባቷን ተጠራጠረች ሊል!»

እማዬ ከጎኑ ሆና «አድርግላት ባክህ፣ ልጅቷ እንቅልፍ አይወስዳትም» አለችው።

አጠፋው። የመሣሪያው ትንፋሽ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

«ይኸው! አመንሽ?»

«አይ አባዬ፣ እንቆይ።»

«ደግሞ ምን ልንጠብቅ?»

ስለ ሮም ዝናብ አወራን፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራን። እማዬ ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ ጀምራ ሳትጨርስ መሣሪያው ረጅም ጮኸና ዝም አለ። አባዬ ቆጣሪውን ሲመልስ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

«አሁን ለመኮንን ምን ልበለው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እውነቱን ንገረው። እስኪስተካከል ድረስ ማታ መብራት ከጠፋ ግን ደውሉልኝ፣ እሺ?»

«እሺ ልጄ፣ እንደውላለን።»

ቢደውሉልኝ ከሮም ሆኜ ምን እንደማደርግ አልጠየቀኝም። ስልኬን ግን ትራስጌዬ አድርጌ ነው የምተኛው።