ዝንጀሮ ያለበት ሰፈር

ዛሬ አንድ ደላላ በስልክ ከነዝንጀሮው ቤት ሊያከራየን ነበር!

ሥራዬ ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ ስለተዛወረ፣ ከከተማው ዳር ዳር ቤት እያፈላለግን ነው። ደላላው አያት ያለውን ቤት ሲያሞግስልኝ ባለቤቴ ዘሀራ ስልኩን ነጠቀችኝ።

"ውሃ አለ?"

"አለ!"

"ትምህርት ቤትስ?"

"በሩ ላይ!"

ዘሀራ አሶሳ አጠገብ ባለችው ባምባሲ የአባቷን በቆሎ ከዝንጀሮ ስትጠብቅ ነው ያደገችው። ሰውየው ለጠየቀችው ሁሉ አለ ሲላት ጠረጠረችው።

"ዝንጀሮስ?"

"አለ እህቴ፣ እንደ ልብ!"

"ከዝንጀሮማ አሁን ነው የተገላገልኩት!" ብላ ዘጋችበት። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

ቀጥለን የደወልንለት የጀሞ ደላላ ግን "ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ የክረምቱ ጭቃ ደግሞ አይጣል ነው" አለን።

ዘሀራ ወዲያው ወሰነች፦ "ይሄ አይዋሽም፤ ጀሞ እንገባለን።"

ቦቲ ጫማ ልገዛ እየወጣሁ ነው። እናንተንስ ደላላ ምን "አለ" ብሏችሁ ያውቃል?