የጣቢያው ሰዓት

በሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ትርኢት ላይ ከኔ ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ክርኑ ላይ ቡኒ ጨርቅ የተጣፈበት ግራጫ ኮት ለብሰዋል። የሠሩት የባቡር ጣቢያ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ ግድግዳው ላይ ግን ምስር የምታህል ሰዓት አለች። ዳኞቹ ስምንት ሰዓት ይመጣሉ ስለተባለ ስምንት ላይ አድርገዋታል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አስተባባሪዋ መጥታ አዲስ ፕሮግራም ለጠፈች፤ ዘጠኝ ተኩል። ሽማግሌው ወረንጧቸውን አወጡና ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ፀጉር የሚያካክሉትን የሰዓቷን ዘንጎች ነቅለው ዘጠኝ ተኩል ላይ አጣበቁ። ዘጠኝ ተኩል ሲደርስ አስር ከሩብ ተባለ። እንደገና ነቀሉ። እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ለአፍታም አላረፈ። እኔማ ወረቀቱን ቀድጄ ብጥለው ደስ ባለኝ።

«አባባ፣ ይተዉት እንጂ። ይቺን ማን ያያታል?» አልኳቸው።

«የጣቢያ ሰዓት ልክ ካልሆነ ሰው ይቀራል፣ ልጄ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ቀጥሎ አስራ አንድ ተባለ። ተስፋ ቆርጬ የሠራሁትን ትንሽ አውሮፕላን መጠቅለል ስጀምር ዳኞቹ ከች አሉ። የሽማግሌው ሙጫ ገና አልደረቀም።

አንዱ ዳኛ ጎንበስ ብሎ አየ። የጣቢያው ደረጃ ላይ ሻንጣ ይዞ የሚሮጥ፣ ጥፍር የሚያህል ሰው አለ። ሐዲዱ ባዶ ነው።

«ባቡሩስ የታለ?»

«ሄዷል» አሉ ሽማግሌው።

የሚሮጠውን ሰው ኮት ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ግራጫ ነው፤ ክርኑ ላይ ቡኒ ነጥብ አለበት።