ቃሲም የተረጎመው ደመወዝ

ሹፌር ጆሮ የለውም ብሎ ያስወራ ማን ይሆን? ሪያድ ውስጥ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ሁሉ ግን ይህን አምኖ ነው የሚኖረው። ቃሲም የአቡ ሙሳዒድን መኪና በነዳባቸው ዓመታት ያልሰማው ጉድ አልነበረም። የሚስት ኩርፊያ ሰምቷል፣ የወንድማማች የውርስ ጠብ ሰምቷል፣ የትኛው ነጋዴ ሊከስር እንደተቃረበ ከባንኩ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሰምቶ እንዳልሰማ መሆንንም ተክኖበታል። ምን ያደርጋል፣ አንድ ቀን የሰማው ነገር ከራሱ ልጅ ጋር ገጠመበትና ያ ሁሉ ጥበቡ ጠፋው።

ሰውየው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ በዑምራ ቪዛ መጥቶ፣ መካ ሰግዶ፣ በዚያው ቀረ። ሪያድ ዑድ የሚባለው የስደተኛ ሰፈር ውስጥ ስምንት ሆነው በአንድ ክፍል እየተኙ መኪና አጠበ፣ ዕቃ ተሸከመ፣ ፖሊስ ሲመጣ ጣሪያ ላይ ወጣ። ኋላ አላህ ሲለው አቡ ሙሳዒድ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ወደደው። አገሩ ተመልሶ በሥራ ቪዛ እንዲገባ አደረገው፣ ከፊል ሆነው፤ ማለት ዋሱም አሠሪውም አዛዡም ሆነው። ሱለይማኒያ ካለው ቪላ በር ሥር ያለችውን የሹፌር ክፍልም ሰጠው። በዚያ ጉዞው ሚስቱን አይሻንና ልጁን ሩቂያን አንድ ወር አይቷቸዋል። ሩቂያ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ በዓይኑ አላያትም።

የቤት ሹፌር የሰው ቤት ገመና ያያል። ቃሲም ገረዶችን ሆስፒታል ያደርስ ነበር፤ እጇ በካውያ የተተኮሰችውንም፣ ከደረጃ ወደቀች የተባለችውንም። አንዷን ደግሞ አየር መንገድ አድርሷት፣ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ገባች። ያን ቀን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። ሩቂያ የዚህን አገር ደጅ እንዳትረግጥ ለራሱ ማለ፤ ወላሂ ብሎ ማለ።

መሐላው ቀላል ነበር፤ ልጅቷ ማደጓ ነው የከበደው። አሥረኛን ጨርሳ ፈተናው አልመጣላትም፣ ቤት ዋለች። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ወደ ዐረብ አገር ወጡ። አይሻ በደወለች ቁጥር ደላላው ዛሬም መጥቶ ነበር ትለዋለች። እሱ ደግሞ ታገሺ፣ አገር ውስጥ ሥራ ይገኛል ይላል። ከየት እንደሚገኝ ግን አያውቅም፤ አለማወቁን እሱም ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው የዐረብ አገሮች ተስማምተው እርስ በርስ በሚሸጡት ዕቃ ላይ ቀረጥ ያነሱት። ለሌላው እሰየው፣ ለአቡ ሙሳዒድ ግን መዓት ሆነ። ግብፅ የተሰፋው ቶብ፣ ወንዶቹ የሚለብሱት ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ያለ ቀረጥ እየገባ በጥሃ በሚባለው የሪያድ ገበያ እሱ ከሚሸጥበት በታች ይቸበቸብ ጀመር። እሱ ለእያንዳንዱ ልብስ ሰፊ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ ያወጣል፣ ማደሪያ ይከራያል፣ ትኬት ይቆርጣል፤ መንግሥት ደግሞ የአገርህን ልጅ ቅጠር እያለ ይነዘንዘዋል። ሪያድ ላይ መስፋት እያከሰረው ሄደ።

ከግብፃዊው ሒሳብ ሹሙ ጋር ከኋላ ተቀምጠው ሱለይማኒያ ተነስተው ፋብሪካው እስኪደርሱ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ሒሳብ ሹሙ ግብፅ እንሂድ ይላል፤ አገሩ አይደል! አቡ ሙሳዒድ ግን ልቡ ኢትዮጵያ ሄዷል። ከዚያ ለሚላክ ልብስ አሜሪካ ቀረጥ አትጠይቅም ብለውታል፣ መሬቱም በርካሽ ነው። እንቅፋቱ ኢትዮጵያ የዐረብ አገር አለመሆኗ ነው፤ ለሪያድ የሚሰፋው ቶብ ሲገባ ከመቶ አምስት ይከፍላል፣ እስከ ወደብ ያለው መንገድም ረጅም ነው። ሒሳብ ሹሙ በመጨረሻ፣ የሐበሻዋ ሰፊ ደመወዝ ከግብፃዊቷ ግማሽ ከሆነ ቀረጡንም መንገዱንም ይሸፍናል፣ ካልሆነ ግብፅ ነው፣ ኸላስ ብሎ ዘጋው። ቃሲም መሪውን እንደያዘ ግማሹን ወደ ብር መነዘረው። ሦስት መቶ ገደማ መጣለት።

ፋብሪካው የሚተከለውም ሌላ ቦታ መስሏችሁ ከሆነ፣ የታየው መሬት ኮምቦልቻ ዳር ነበር። ይህን የሰማ ቀን ቃሲም ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ።

አቡ ሙሳዒድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠንቃቃ ነጋዴ ነው። ደላላ ይዋሻል፣ ባለሥልጣንም ይዋሻል፣ ድሃ ግን ስለ ኑሮው አይዋሽም ይል ነበር። አንድ ከሰዓት ዑለያ መንገድ ዳር አስቆመውና፣ ያላ፣ አገርህ ደውል፣ የአገርህን ሴት ልጅ ጠይቃት፣ ልብስ ብትሰፋ በወር ስንት ይበቃታል አለው። ሒሳብ ሹሙም አጠገቡ ነበር። ቃሲም የጎረቤት ሱቅ ስልክ ደወለ፤ ባለሱቁ ሩቂያን አስጠራለት። ለሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠየቃት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና መለሰች።

«ስድስት መቶ ብር፣ አባ። ከዚያ በታች ለቤት ኪራይና ለእህል አይበቃም።»

ሁለቱ ሰዎች አማርኛ አያውቁም። አፉን አፉን እያዩ ይጠብቃሉ። ስድስት መቶ ቢል ፋብሪካው ግብፅ ነው፣ ሩቂያ ደላላው ቤት ናት። ቃሲም ስልኩን ሳይዘጋ በዐረብኛ ተናገረ።

«ሦስት መቶ ብር ይበቃኛል ትላለች። ደስ ብሏት ትሠራለች።»

ስታስቡት ይሄ ውሸት ነው ወይ? ነው እንጂ! እሱ ግን ያን ዕለት ውሸት አልመሰለውም። ፋብሪካው ይምጣ ብቻ፣ ደመወዝ ቀስ እያለ ያድጋል ብሎ ራሱን አጽናና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት እናቱ ስትተርት ሰምቶ ያደገ ሰው፣ አፉን ከፍቶ የአንድ ከተማ ልጆችን ደመወዝ በግማሽ ቆርጦ ሲያበቃ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ፋብሪካው ተተከለ። ሪያድ የነበረው የስፌት አዳራሽ ተዘጋ፣ ሰፊዎቹም ወደየአገራቸው ተሸኙ። በሚኒባስ ወደ አየር መንገድ ያመላለሳቸው ቃሲም ነው። አንድ ሽማግሌ የባንግላዴሽ ሰው ሲወርድ እጁን ጨብጦ፣ አላህ እንጀራህን ያቆይልህ ብሎ መረቀው። ምርቃቱ ደረቱ ላይ ተሰንቅሮበት ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ አለው። አቡ ሙሳዒድ ደግሞ የሁለት ወር ደመወዝ ጉርሻ ሰጠው። እምቢ አይል ነገር ምን ብሎ? ለቤቱ ቆርቆሮ ግዙበት ብሎ ላከው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር አቡ ሙሳዒድ ይጠራውና ትከሻውን ይዞ፣ የኢትዮጵያውን ፋብሪካ የተከለው ይሄ ነው ይላል። እንግዶቹ ይስቃሉ። ቃሲም ሻይ ላምጣ ብሎ ይወጣል።

ሩቂያ መጀመሪያ ከተቀጠሩት አንዷ ሆነች። በሦስት መቶ ብር። የመጀመሪያው ወር ደስታ በደስታ ነበረች፣ የስፌት መኪናዋን ዓይነት ሳይቀር ነገረችው። ፋብሪካው ከከተማው ራቅ ስለሚል ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ነበር። ከዚያ ወሬዋ እያጠረ መጣ። ምሳ ምን በላሽ ሲላት ሻይ በዳቦ ትላለች። እራትስ ሲላት ወሬ ትቀይራለች። አንዷ ልጅ መርፌው ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ጣቷን ወጋት አለችው አንድ ጊዜ፣ ያውም እንደ ተራ ነገር። ቃሲም ከራሱ ቀንሶ ይልክላት ጀመር። አስቡት እንግዲህ፣ የጌታው ፋብሪካ ያልከፈለውን ደመወዝ የጌታው ሹፌር ሪያድ ሆኖ ይሞላል። ለአንዷ ሞላ፤ የቀሩትስ አባት የላቸውም?

ኋላ ልጆቹ ተሰብስበው ይጨመርልን አሉ። ይህን የሰማው መኪና ውስጥ ነው፣ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ። አቡ ሙሳዒድ ስቆ፣ ሥራ አስኪያጁ ይህ ደመወዝ የራሳችሁ አገር ሰው ይበቃል ያለው ነው ብሎ እንዲነግራቸው አዝዣለሁ፣ ካልተስማማቸው ባንግላዴሽ ከዚህም ርካሽ ነው አለ። ከዚያም በመስታወቱ ውስጥ አየውና ጠየቀው።

«አንተ አይደለህ ሦስት መቶ ያልከኝ፣ ቃሲም?»

እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደድበት። በስልኩ ጊዜ ስለ ልጁ ፈርቶ ነው እንበል። አሁንስ? አሁን ዋሽቼ ነው፣ ልጅቷ ስድስት መቶ ነው ያለችው ቢል ምን ነበር? እውነቱን እንዳይናገር ያደረገው የራሱ ነገር ነው። አሠሪውን፣ ከፊሉን፣ የዋሸ ሹፌር ኢቃማው ተሰርዞ በመጣበት አውሮፕላን ይመለሳል። የሱለይማኒያዋን ክፍል፣ የወር ደመወዙን፣ የአይሻን የወር አስቤዛ አሰበ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ነዳ።

ከዚያ በኋላ ሶላቱ እንኳ አልጣፈጠውም። ጁምዓ ዑድ ሲሄድ ድሮ በአንድ ክፍል አብሮት ይተኛ የነበረው ሳዲቅ፣ ወንድሜ ምን ሆነህ ነው የከሳኸው ይለዋል፤ ስኳሬ ነው ይላል። ስኳር የለበትም። ሩቂያ በደወለች ቁጥር ልንገራት እያለ አፉ ጫፍ ላይ ያደርስና፣ ሰላም በይልኝ ብሎ ይዘጋል።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሩቂያ ወደ ሪያድ ልትመጣ መሆኑን ነገረችው። አማከረችው አላልኩም፣ ነገረችው። ከፋብሪካው ከወጡት ልጆች አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ሄደዋል፤ ደላላውም ደጁን ወደ ፋብሪካው በር አዛውሮ ነበር ይባላል። ቃሲም ለመነ፣ ተቆጣ፣ በስልክ አለቀሰ። ልጅቷ ረጋ ብላ፣ ሦስት ዓመት ሰፋሁ፣ የገዛሁት አንድ ጫማ ነው፣ አንተም አርጅተሃል፣ ይብቃህ አለችው። ደላላው ያገኘላት ቤት እዚያው ሪያድ፣ መላዝ የሚባል ሰፈር ነበር። ከሱለይማኒያ በመኪና ቅርብ ነው፤ ለቤት ሠራተኛ ግን ከኮምቦልቻም ይርቃል፣ በሩ አይከፈትማ።

አውሮፕላኑ የሚገባበትን ቀን ጠይቆ፣ ፈቃድ ለምኖ አየር መንገድ ሄደ። አዲስ የመጡት ሴቶች አሠሪ ከፊላቸው መጥቶ እስኪረከባቸው ድረስ ተደርድረው የሚቀመጡበት አዳራሽ አለ። ከብረቱ አጥር ወዲህ ቆሞ ፈለጋት። የስምንት ዓመት ልጅ ነበር የሚፈልገው፣ ሞኝ! እሷ ናት ቀድማ ያወቀችው። አጥሩ ድረስ መጥታ እጁን ሳመችው። ጣቶቿ የመርፌ ጠባሳ ሞልቶባቸዋል። ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋው። ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር የመጣው፣ ቀደመችው።

«አባ፣ አውፍ በለኝ።»

ምኑን ልበልሽ፣ ምን አድርገሽኝ አላት። ልጅቷ ዞር ብላ ሌሎቹን ሴቶች አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያን ቀን በስልክ ሦስት መቶ ስትል ሰምቼሃለሁ። የዐረብኛ ቁጥር መድረሳ ተምሬያለሁ እኮ። ለእኔ ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ለማንም አልተናገርኩም። ግን ሥራ አስኪያጁ የአገራችሁ ሰው ነው ያለው ካለን ወዲህ፣ ልጆቹ ምሳ ሰዓት እጃቸውን ዘርግተው ያንን ሰው ይረግሙት ነበር። ምላሱ ይቆረጥ፣ ልጁ በልታ አትጥገብ ይሉ ነበር። ሁሉም አሚን ሲል እኔ ብቻ ዝም ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ ፈራሁ። አሚን ብዬብሃለሁ፣ አባ። በየቀኑ።»

ከወዲያ አንድ ፖሊስ ስሟን ጠራ፣ ከአጠገቡም ፓስፖርቷን የያዘ ሰው ቆሟል። ሩቂያ አልተንቀሳቀሰችም። ፖሊሱ ደግሞ ጠራ፣ ያላ ያላ አለ። እሷ የአባቷን አፍ ነበር የምታየው። ያን ሁሉ አሚን ከላይዋ ሳያወርድላት ወደዚያ ቤት መግባት ፈርታለች።

«አውፍ ብያለሁ፣ ልጄ» አለ ቃሲም።

ያኔ ፊቷ ፈታ አለ። እጁን እንደገና ሳመችውና ሻንጣዋን አንስታ ሄደች። አንቺስ እኔን ሊላት አፉን ሲከፍት ሰውየው ፊት ፊት እየመራ ከአዳራሹ አውጥቷት ነበር።