በሦስተኛው ቀን የተወሰደችው ልጅ

አሁንም ተናድጃለሁ። ንዴቴ እስኪበርድ መጠበቅ እችል ነበር፤ ግን ሲበርድልኝ ጨዋ እሆናለሁ፣ ጨዋ ስሆን ደግሞ ነገር አለሳልሳለሁ።

ናይሮቢ ለሚያድጉ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምራለሁ። ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አሥራ ስምንት ልጆች ይዤ ከንጎንግ ኮረብቶች ጀርባ ድንኳን ተክለን ስድስት ሌሊት እንድናድር ወላጆችን ሁለት ወር ሙሉ ለመንኩ። ከቤት ርቆ ማደር ለልጅ ምን እንደሚጠቅም ቤት ለቤት እየዞርኩ አስረዳሁ። የሚያዘውን ዕቃ፣ የቀኑን ፕሮግራምና የሥራ ተራውን ጽፌ ሰጠሁ። ተራው ላይ «ምግብ ማብሰል፣ ዕቃ ማጠብ፣ ውሃ መቅዳት» የሚል በግልጽ አለ። ሁሉም ፈረሙ። ያነበበው ግን የለም።

ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቤታቸው የሀብታሞች ሰፈር ላቪንግተን ነው። እዚያ ቤት ኩባያ ከእጇ ቢወድቅ ተራምዳው አልፋ «አንቲ!» ብላ የቤት ሠራተኛዋን ትጣራለች። በእሷ አልፈርድም፤ ሌላ ያሳያት የለም። በመጀመሪያው ቀን ምሳዋን በልታ ሳህኗን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ቲቸር፣ ይሄን ማን ነው የሚወስደው?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «ማዳም ጨርሳለች! እጇን አስታጥቧት!» አለ አንዱ። ድንኳኗ ገብታ አለቀሰች። ተከትዬ ልገባ ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ትልቁን ድስት የማጠብ ተራ ደረሳት። እዚህ ሱፉሪያ ነው የሚሉት፤ የእኛው ለሃያ ሰው የሚበቃ ነበር፣ በእንጨት እሳት ከሰል የመሰለ። መጀመሪያ በሁለት ጣት ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ተናደደችና እስከ ክርኗ ገባችበት። የግቢው ዘበኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያዩዋት ቆይተው ድስቱ እሳት ላይ ከመጣዱ በፊት ውጪው ሳሙና ቢቀባ ጥላሸቱ በቀላሉ እንደሚለቅ ነገሯት። ለራት ራሷ ቀባችው። ፍልሰታ ስለነበር የምስር ወጥ ሠራን፤ ተበልቶ ሲያልቅ ጥላሸቱ በአንድ ጊዜ ጠረጋ ተገፎ ወረደ።

«አያችሁ? አያችሁ!» ብላ ጮኸች። «ማዳም» ያላት ልጅ እንኳ እንዴት እንዳደረገችው ሊያይ መጣ። ያን ማታ ልጆቹ የአራተኛውን ቀን ጠዋት አጥሚት እንድትሠራ በድምፅ ብልጫ መረጧት። ለአሥራ ዘጠኝ ሰው ስንት ኩባያ ውሃ እንደሚበቃ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። «አስቢው» አልኳት። በጣቷ ስትቆጥር አየኋት።

አሁን ወደ እኔ ስህተት ልምጣ። በየቀኑ ለወላጆች ሪፖርት እልክ ነበር። ፎቶዋን በዋትሳፕ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት፦ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ፣ ሱፉሪያውን አቅፋ ስትስቅ። ከሥሩ «ዛሬ የተማርነው፦ ኃላፊነት» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ እናት ወዲያው ለልጅቷ እናት ጻፈች፦ «ውይ፣ ያንቺ ልጅ ናት? ሠራተኛ ጠፋ እንዴ?» ሌሎቹ የሳቅ ምልክት ደረደሩ። የሰው ልጅ ድስት ስታጥብ በሰው ሁሉ ፊት ማሳየት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። የተወለድኩት ከዚሁ ሕዝብ ነው።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መኪና መጣ። እናትየው ገና በሩን ሳይዘጉ ጀመሩ።

«ልጄን የሰጠሁሽ ድስት አጣቢ እንድታደርጊያት ነው?»

«እትዬ፣ ሁሉም በየተራ ነው። ፕሮግራሙ ላይ እኮ...»

«ፕሮግራምሽን ለራስሽ! ነይ አንቺ፣ ሻንጣሽን አምጪ።»

«እማ፣ ነገ አጥሚት የምሠራው እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

«አጥሚት አማረሽ? ቤት ይሠራልሻል።»

«አላማረኝም። የምሠራው እኔ ነኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ንገሪያት እንጂ!»

ዝም አልኩ። ጠዋት ስለ ድንኳን ገመድ አቋጣጠር ሃያ ደቂቃ ያስረዳሁት ሰው፣ ትልቅ ሰው ሲቆጣ መሬት መሬት አየሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እናቷ መኪና ውስጥ ሆነው ጥሩምባ እየነፉ፣ እሷ አንዷን ጓደኛዋን እጇን ይዛ ወደ ማብሰያው ወሰደቻት። «ውሃው አርባ ኩባያ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ በጥብጪው፣ አለዚያ ይጓጉላል። ውጪውን ሳሙና መቀባት እንዳትረሺ።» ከዚያ ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ ገባች። ሹፌሩ ሊቀበላት ሲል አልሰጠችውም።

ጾሙ ሲፈታ ሁርሊንግሃም ያለው የእናትየው ምግብ ቤት ሄድኩ። እኔ ከምኖርበት ካሳራኒ በሁለት ማታቱ፣ በሁለት ሚኒባስ ታክሲ ነው የሚደረሰው፤ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ደረስኩ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ከልጅቷ የወሰዱባት ድስት ሳይሆን ሰው አምኖ የሰጣትን ሥራ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ በገንዘብ ተገዝቶ እንደማይተካ ነገርኳቸው።

እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እኔ በእሷ ዕድሜ የሰው ቤት ነበርኩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያልበላሁበትን ድስት ነው ሳጥብ ያደግሁት። እሷ እንዳትነካው ብዬ ነው እዚህ ድረስ የለፋሁት። ያንን ፎቶ ሳይ ያየሁት እሷን አይደለም።»

ቢሆንም ንዴቴ አልወጣልኝም። «እሷ ያጠበችው የበላችበትን ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«ውለጂና ታይዋለሽ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ቅዳሜ ልጅቷ ክፍል መጣች። ሌሎቹ ሲወጡ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቀረች።

«ቲቸር፣ የሚቀጥለው ዓመት ተራዬ ይጠበቅልኛል?»

«እኔ እጠብቅልሻለሁ። ግን የእናትሽ ፊርማ ያስፈልጋል። ሄጄ ደግሜ አናግራቸዋለሁ።»

ቦርሳዋን አነገተች።

«ተይው፣ እኔው አናግራታለሁ» አለች። «አንቺ ያን ቀን ዝም ብለሻል።»