አክስቴና የአራስ ቤት ዓርቦቿ

አክስቴ ካረፈች አምስት ወር ሆናት። ዓረብ አገር፣ ኻልዳ በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ቤት ተቀጥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። የራሷ ልጅ አልነበራትም። የዕረፍት ቀኗ ዓርብ ብቻ ነበር፤ በእሱም ታክሲ ይዛ የወለደች ሀበሻ ወዳለችበት ትሄድ ነበር። ገንፎ ታገነፋለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች፣ እናቲቱን አስተኝታ ልጁን እንዳቀፈች ትውላለች።

እኔና ባለቤቴ እዚያው ከተማ ጁበይሃ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር መውለድ ፈርቼ ነበር።

«እናቴ በሕይወት የለችም። ሥራ ስሄድ ማን ይይዝልኛል?» አልኳት አክስቴን።

«አንቺ ውለጂ እንጂ ያዥ አይጠፋም» አለችኝ። ለሁሉም የምትለው ይህንኑ ነበር። ከዚያ ስልኳን አውጥታ፣ በአራስነታቸው ለደረሰችላቸው ሴቶች አንድ በአንድ ደወለችላቸው።

«የእህቴ ልጅ ልትወልድ ነውና ዓርብ ዓርብ ተራ ያዙ» አለቻቸው። እኔ ገና አላረገዝኩም ነበር።

የስድስት ወር እርጉዝ ሳለሁ አሠሪዋ ማዳም ደውላ አክስቴ በተኛችበት ማረፏን ነገረችኝ። አስከሬኗን ወደ አገር ቤት ሸኘነው።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ሴቶቹ ቃላቸውን አላጠፉም፤ በየተራቸው እየመጡ አረሱኝ። ባለፈው ሳምንት ልጄን እየተቀባበሉ በመልኳ ተከራከሩ። አንዷ አባቷን ትመስላለች አለች፤ ሌላዋ እኔን። ለእኔ ግን ግንባሯ ቁርጥ የእናቴን መሰለኝ። ልናገር ቀና ብዬ ሁሉንም አየኋቸው። እናቴን የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው አልነበረም።